የፋሲካው ጽዳትና የቤታችን ሽታ

ከሦስት ዓመት በፊት በሕማማት ረቡዕ የሠራሁት ስሕተት ነው የቤታችንን ማጽጃዎችና ሽቶዎች እየለየሁ ለመተዌ መነሻ የሆነው። የኮንዶሚኒየም ቤታችን መታጠቢያ ክፍል ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም፤ መስኮቱም ከጣሪያው ሥር ያለች፣ የደብተር ገጽ የምታህል ቀዳዳ ናት። የመጸዳጃው ሳህን ቢጫነት አልለቅ ስላለኝ በመጀመሪያ ከሰፈር ሱቅ በውሃ ፕላስቲክ ተቀድቶ የሚሸጠውን አሲድ አፈሰስሁበት፤ ጥቂት ቆይቼ ደግሞ ይበልጥ ይንጣ ብዬ በረኪና ደገምሁበት። ዓይን የሚቆጠቁጥና ጉሮሮ የሚያንቅ ሽታ ወዲያው ተነሣ። በሩን ከፍቼ ወጣሁ፤ ሳሌ ግን እስከ ማታ አልተወኝም።

በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የተባለው ውሁድ በውሃ የሟሟበት ፈሳሽ ነው። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚለቀው ክሎሪን ጋዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር በተባለችው ከተማ አቅራቢያ ወታደሮች የተጨረሱበት ያው ጋዝ ነው። ሎሚና አቼቶም አሲድ በመሆናቸው ከበረኪና ጋር መቀላቀል የለባቸውም፤ አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም ከበረኪና ጋር ክሎራሚን የተባለ ሌላ መርዘኛ ጋዝ ይፈጥራል። ይህን ያወቅሁት ግን ከሳልሁ በኋላ ነው። በነገራችን ላይ የሳህኑ ቢጫነት ከውሃው የተጠራቀመ ኖራ መሰል ዝቃጭ ኖሮ፣ በረኪናው ቢያነጣው እንኳ ሊያሟሟው አይችልም ነበር። በመጨረሻ ያስለቀቀው ሌሊቱን ሙሉ ተደርጎበት ያደረ አቼቶ ነው።

ከበዓሉ በኋላ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ሁሉ አውጥቼ ወለሉ ላይ ደረደርሁት። ዐሥራ አንድ ጠርሙስ ሆነ። ግማሹ የሚያጸዳ ሳይሆን ሽታ የሚሰጥ ነበር፦ የወለል ሽቶ፣ የልብስ ማለስለሻ፣ የሽንት ቤት ማንጠልጠያ፣ በየክፍሉ የሚነፋ ኤር ፍሬሽነር። ጀርባቸውን ሳነብ ከሁሉም በላይ የገረመኝ ነገር አብዛኞቹ ላይ ሽታውን የሚገልጸው «ፐርፉም» የሚል አንድ ቃል ብቻ መሆኑ ነው። በዚያ በአንድ ቃል ሥር በርካታ ንጥረ ነገሮች ሊጠቃለሉ ይችላሉ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለርጂ የሚቀሰቅሱ የተለዩ የሽቶ ንጥረ ነገሮች ከተወሰነ መጠን በላይ ሲገኙ በስማቸው እንዲጻፉ አስገድዷል፤ ከአውሮፓ በመጣው ጠርሙስ ላይ ሊሞኔን፣ ሊናሎል የሚሉ ስሞችን ያገኘሁትም ስለዚህ ነው። ሊሞኔን የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ነው፤ ይሁን እንጂ አየር ላይ ካለ ኦዞን ጋር ሲገናኝ ፎርማልዴሃይድ የተባለ ጎጂ ጋዝ ይፈጥራል። ኤር ፍሬሽነርም ቢሆን መጥፎውን ሽታ አያስወግድም፣ በላዩ ሌላ ይደርብበታል እንጂ።

የወለሉን ሽቶና የሚነፋውን ካቆምሁ በኋላ የልጄ የጠዋት ማስነጠስ ቀነሰ። ይህን እንደ ማስረጃ ማቅረብ አልፈልግም፤ የአየሩም ጠባይ በዚያው ሰሞን ስለ ተለወጠ የትኛው እንደ ረዳት አይለይም። የልብስ ማለስለሻውን መተው ግን ወዲያው ታየኝ፦ ማለስለሻ ጨርቁን በስስ የቅባት ሽፋን ስለሚለብጠው ፎጣ ውሃ የመምጠጥ ኃይሉ ይቀንሳል፤ የእኛም ፎጣዎች ሦስት አራቴ በሳሙና ብቻ ከታጠቡ በኋላ እንደ ገና ማድረቅ ጀመሩ።

የከበደኝ ጠርሙሶቹን ማውጣት አልነበረም። እናቴ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀን በመጣች ጊዜ ገና ከደጃፉ አየሩን ስባ፣ «ልጄ፣ ቤቱን ሳታጸጂ ነው ወይ የጠበቅሽኝ?» አለችኝ። ወለሉን በማለዳ በሙቅ ውሃና በሳሙና ፈትጌው ነበር፤ የማይሸት ቤት ግን ለእርሷ ያልጸዳ ቤት ነው። ነገሩን ሳስረዳት ወዲያው፣ «እንግዲያማ እንዶድ ይሻልሻል፤ ነጠላ እንደ እርሱ የሚያነጣ የለም» አለች፤ በሳምንቱም በጨርቅ የተቋጠረ ደረቅ ፍሬ ላከችልኝ።

የደረቀውን ፍሬ መስኮት በተዘጋ ማእድ ቤት ውስጥ በሙቀጫ ስወቅጠው ዱቄቱ እንደ ሚጥሚጣ አፍንጫዬን አቃጠለኝ፤ በተከታታይ ከማስነጠሴ የተነሣ ዘነዘናውን ጥዬ ወጣሁ። እናቴ በስልክ ስነግራት፣ «አፍንጫሽን በነጠላ ሸፍኚ ማለቴን ረሳሁት» ብላ ሳቀች። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት ነገር በዚህ ጊዜ ትዝ አለኝ፦ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ፤ እንዶድ የቢልሃርዚያን በሽታ ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የታወቀውም ከዚህ ተነሥቶ ነው። ቀንድ አውጣ የሚገድል ፍሬ ከቁጥቋጦ ስለ ተለቀመ ብቻ ለስላሳ ነው ማለት አይቻልም። ነጠላዬን ግን በእውነት አንጥቶታል፤ አሁን በረንዳ ላይ፣ አፍንጫዬን ሸፍኜ እወቅጠዋለሁ።

ስለ ናፍታሌን ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የጋቢ ሣጥናችን ነጫጭ ኳሶቹ ከማይጠፉበት አንዱ ነበር። ናፍታሌን ከጠጣርነት በቀጥታ ወደ ጋዝነት ስለሚለወጥ፣ ሣጥኑ ሲከፈት የሚሸተን ራሱ ብሉን የሚገድለው መርዝ ነው። ጂ ስድስት ፒዲ የተባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሕፃናት ናፍታሌን ውስጥ በቆየ ልብስ ሲጠቀለሉ ቀይ የደም ሴላቸው ሊፈርስ ይችላል። ብል ደግሞ በዋናነት የሚበላው ሱፍንና ሐርን ነው፤ ንጹሕ ጥጥ ብዙም አይነካም፤ ጋቢያችን ጥጥ ነው! ስንት ዓመት በከንቱ ስናሸተው ኖረናል። አሁን ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ ደርቆ፣ አፉ በታሰረ ከረጢት ይቀመጣል።

ከዐሥራ አንዱ ጠርሙሶች የቀረው በረኪና ብቻ ነው፤ እርሱም ከላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ በቤቱ ተቅማጥ የያዘው ሰው ሲኖር በውሃ ቀጥኖ እንዲያገለግል። አሲድ ዳግመኛ አልገዛሁም። ቤኪንግ ሶዳ ላረረ ድስት ጥሩ ነው፤ ከአቼቶ ጋር ቀላቅሉት የሚለው ምክር ግን ትርጉም የለውም፤ አረፋው ደስ ቢልም ሁለቱ እርስ በርስ ጉልበታቸውን ይጨርሳሉ።

ያልተፈታው እጣኑ ነው። የእጣንና የከሰል ጢስ ጥቃቅን ብናኝ አለው፤ ከሰልማ በተዘጋ ክፍል በካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ይገድላል። እጣን የሌለው ቡና ግን እኔም አይሆንልኝም። ስለዚህ ረከቦቱን ወደ በረንዳው በር አስጠግቼ፣ እጣኑን በቁንጥር አደርጋለሁ። እናቴ ስትኖር እርሷ በእፍኝ ትጨምራለች፤ እኔ በሩን እከፍታለሁ፣ እርሷ ብርድ ገባ ብላ ትዘጋዋለች።