ጓንቱን አዝናችሁ አትግዙት

"ለበጎ አድራጎት ነው" ሲባል ሰው ዕቃውን እንኳ ሳያይ ብሩን ያወጣል። እሱ ነው የማይመቸኝ። አዝኖ የገዛ ሰው ጓንቱን መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ ይረሳዋል። እኔ ደግሞ እጅ ላይ እንዲውል ነው የምፈልገው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ያለን ጥቂት ጎረቤታሞች ያረጀ ሹራብ እየሰበሰብን ጓንት እንሰፋለን። አራቱን ጣት አንድ ላይ፣ አውራ ጣትን ለብቻ የሚያስገባውን ዓይነት። ጣቶቹ እርስ በርስ ስለሚሟሟቁ ከባለ አምስት ጣቱ ይሻላል። በገንዘቡ ጧሪ ለሌላቸው የሰፈራችን እናቶች የዓመት የጤና መድህን መዋጮ እንከፍላለን። አዲስ አበባ ውስጥ ጓንት ማን ያደርጋል የምትሉ፣ በኅዳር ማለዳ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? "በጥቅምት አንድ አጥንት" ይባላል። አጥንቱ ሆድ ያሞቃል፤ እጅስ?

ዋናው ሥራ ሹራብ መምረጥ ነው። ማርካው ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ወይ ደብዝዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከውስጥ ስፌቱ አንድ ክር መዝዤ በክብሪት አቃጥለዋለሁ። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱም ሲነኩት ፍርፍር ይላል። ኒሎን ነገር ከሆነ ቀልጦ እንደ ዶቃ ይደርቃል። ሱፉን በጣም በሞቀ ውሃና በሳሙና ሳፋ ውስጥ ደጋግመን እናሸዋለን። ሰው "ሹራቤ ገባብኝ" ብሎ የሚያዝንበትን እኛ ሆን ብለን ነው የምናደርገው። ክሮቹ ይያያዙና ጨርቁ ይወፍራል፤ በመቀስ ሲቆረጥም አይተረተርም። ስንቆርጥ የሹራቡ የታችኛው ጠርዝ የእጅ አንጓ ላይ እንዲውል እናደርጋለን። ጠርዝ ከመስፋት ተገላገልን ማለት ነው።

አስቸጋሪው አውራ ጣቱ ነው። ሥሩ ላይ ከጠበበ እጅ ሲጨበጥ ስፌቱ ይፈነዳል። እዚያ ላይ መኪናውን ትተን በእጅ ነው የምንሰፋው።

ከደንበኞቻችን ሁሉ የምወዳቸው አንድ የሌሊት ዘበኛ አባት ናቸው። ጓንቱን አጠለቁና ዱላቸውን ጨበጥ አደረጉ። "ሙቀቱስ ይሁን ልጄ፣ ግን ያንሸራትታል" አሉኝ። ይሉኝታ ብሎ ነገር የለም! ከአሮጌ ቦርሳ ቆዳ ቆርጠን መዳፉ ላይ ሰፋንበት። አሁን ሁሉንም እንዲያ ነው የምንሠራው። አዝኖ የገዛ ሰው ይህን አይነግራችሁም፤ "ጎበዞች፣ በርቱ" ብሎ ይሄዳል።

ጥንዱ 300 ብር ነው። ተወደደ የሚል ይከራከር፤ ገበያ ነው።

ሹራብ ልትሰጡን ካሰባችሁ ሱፍ ይሁን። ብል የበላውም ችግር የለውም፤ ቀዳዳውን እያለፍን እንቆርጣለን። ኒሎኑን ግን ለልዋጭ ስጡት፤ ቢያንስ ሳፋ ታገኙበታላችሁ።