ከሥዕሉ በፊት አሸንዳው፦ በሄርኩላኒየም የጥገና ሥራ የተማርኩት

በሄርኩላኒየም ሥራ በጀመርኩበት የመጀመሪያ ሳምንት የተሰጠኝ መሣሪያ ብሩሽም ምላጭም ሳይሆን ባልዲ፣ የጎማ ጓንትና መሰላል ነበር። የግድግዳ ሥዕል ጥገና ለዓመታት ተምሬ የሮማውያንን ቀለም በእጄ ለመንካት ቸኩዬ የመጣሁ ሰው በመሆኔ፣ ከጣሪያ አሸንዳ ውስጥ የበሰበሰ ቅጠልና የርግብ ኩስ እንድዝቅ ስታዘዝ ነገሩን እንደ ንቀት ቆጥሬው እንደ ነበር አልደብቅም። ዛሬ አዲስ ባልደረባ ሲመጣ እኔም በመጀመሪያ የማስጨብጠው ያንኑ ባልዲ ነው።

ሄርኩላኒየም በደቡብ ኢጣሊያ፣ በኔፕልስ ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ በቬሱቪየስ ተራራ ግርጌ የነበረች ትንሽ የሮማውያን ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ79 ዓ.ም. ፖምፔይን ባጠፋው በዚያው የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ብትቀበርም አቀባበሯ ግን የተለየ ነው። በፖምፔይ ላይ ለሰዓታት የዘነበው ቀላል ጠጠርና አመድ ጣሪያዎችን በክብደቱ ሲያፈርስ፣ ሄርኩላኒየምን የዋጣት ከተራራው ደጋግሞ የወረደ የጋለ አመድና የጋዝ ጎርፍ ነበር። ይህ ጎርፍ በየቦታው እስከ 20 ሜትር ገደማ ተከምሮ ወደ ድንጋይነት ስለ ደነደነ፣ በሩ፣ የመደርደሪያው ሳንቃ፣ አልጋው፣ የሕፃን መኝታው ሳይቀር ከሰል ሆኖ ቅርፁን እንደ ያዘ ቀረ። ሙቀቱ ቀለሙንም ለውጦታል፤ ጎብኚ ቆሞ የሚያደንቀው ቀይ ግድግዳ አንዳንዱ በመጀመሪያ ቢጫ የነበረና በግለቱ የቀላ ነው።

የቦታው ችግር የሚጀምረው ከዚሁ ከአቀባበሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1738 በኔፕልስ ንጉሥ ትእዛዝ የተጀመረው ቁፋሮ ዋሻ እየቀደደ ሐውልትና ሥዕል የማውጣት ሥራ ነበር። ከተማዋን ከነጎዳናዋ ለሰማይ የገለጠው ከ1927 ጀምሮ በአርኪዮሎጂስቱ በአሜዴዮ ማዩሪ የተመራው ቁፋሮ ሲሆን፣ ውጤቱም ዙሪያዋን በገደል የታጠረች፣ ከዛሬዋ የኤርኮላኖ ከተማ ብዙ ሜትር ዝቅ ብላ በጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠች ከተማ ሆነ። ዝናቡ ሁሉ ወደ እርሷ ይወርዳል፤ በታችኛው ጫፍ፣ የጥንቱ የባሕር ዳርቻ በነበረበት በኩል ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃ ስለሚመነጭ ያለማቋረጥ በፓምፕ መሳብ አለበት። የማዩሪ ቡድን እየቆፈረ ወዲያውኑ ግድግዳ ያቆም፣ ጣሪያ ይመልስ ነበርና ያለ እርሱ ብዙ ነገር በጠፋ ነበር። ነገር ግን በአርማታ የተሠሩት ጣሪያዎችና ተሸካሚዎች ከአሥርት ዓመታት በኋላ ብረታቸው ዝጎ መሰነጣጠቅ ሲጀምሩ የሚከታተል አልነበረም። ሁለተኛው ሺህ ዓመት ሲያበቃ አብዛኛው ቤት ለጎብኚ ተዘግቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የኢጣሊያ የቅርስ ባለሥልጣንና የፓካርድ የሰብዓዊ ጥናት ተቋም፣ «የእንግሊዝ ትምህርት ቤት» ከሚባለው በሮም ከሚገኝ የምርምር ተቋም ጋር ተባብረው የጥበቃ ፕሮጀክት የመሠረቱት ከተማዋ በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለች ነው። እኔ የደረስኩት የጣሪያውና የፍሳሹ ከባድ ሥራ ካለፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነበር፤ የጸዳውን አሸንዳ ንጹሕ አድርጎ ማቆየት ግን በየዓመቱ አዲስ ነው።

ይህን በቃል ሳይሆን በኪሳራ የተማርኩት በመጀመሪያው መኸር ነው። በአንድ ትንሽ ክፍል ውስጥ ክንዴን ዘርግቼ የምደርስበት ያህል ቀይ መደብ ያለው ሥዕል ተሰጥቶኝ ነበር። ልስኑን በጣቴ አንጓ ቀስ ብዬ እየመታሁ አዳመጥኩት፤ ከግድግዳው የተላቀቀው ቦታ እንደ ባዶ ቅል ያስተጋባል፣ የያዘው ግን ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ባዶ የሆነውን በጠመኔ ከለልኩ፤ ሊረግፍ የደረሰውን ጠርዝ በስስ የጃፓን ወረቀት ለጊዜው ደግፌ፣ ከኖራና ከደቀቀ የእሳተ ገሞራ አፈር የተሠራ ቀጭን ቅይጥ በመርፌ አስገባሁ። ጨዉን በተጣራ ውሃና በንጹሕ የወረቀት ልጥፍ ደጋግሜ ከሳብኩ በኋላ ቀዩ ቀለም ፈካ። ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ፎቶግራፉን ለእናቴ ልኬላት ነበር።

በኅዳር ሦስት ቀን ሳያቋርጥ ዘነበ። በሳምንቱ ስመለስ በቀዩ ላይ እንደ ዱቄት የተነፋ ነጭ ነገር አየሁ፤ ቀርቤ በባትሪ ብርሃን ስመለከተው ከቀለሙ ሥር የበቀለ፣ ቀለሙን እንደ ዓሣ ቅርፊት እያነሣ የሚገፋ ጨው ነበር። ከእኔ በፊት ለብዙ ዓመታት በቦታው የሠራች አንዲት ባለሙያ መጥታ ግድግዳውን ሳይሆን ጣሪያውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችና፣ «መሰላል አምጣ» ብቻ አለችኝ። አሸንዳው መታጠፊያው ላይ በርግብ ጎጆ ተደፍኖ ውሃው ሞልቶ በግድግዳው ውስጥ ወርዷል። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሥዕሉን ሳክም አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብዬ አላየሁም። አያቴ ሰኔ ከመግባቱ በፊት የቤታችንን አሸንዳና የግቢውን ቦይ ሳታስጠርግ አታድርም ነበር፤ ከአያቴ ግቢ የማውቀውን ነገር በጥንታዊ ቅርስ ፊት ስቆም እንደ ረሳሁት እያሰብኩ አፈርኩ።

የጨው አሠራር ቀላል ነው። ውሃ በግድግዳው ውስጥ ሲጓዝ ጨውን አሟሙቶ ይዞት ይሄዳል፤ ግድግዳው ሲደርቅ ውሃው ተንኖ ጨው ወደ ጠጣርነት ይመለሳል፣ መጠኑ ሲያድግም ከፊቱ ያለውን ልስንና ቀለም ይገፋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከመርጠብ ይልቅ እየረጠቡ መድረቅ የባሰ ጥፋት ነው። ሲሚንቶ ደግሞ ራሱ ጨው ይጨምርበታል፤ ከጥንቱ ኖራ ይልቅ ስለሚጠነክርና ውሃ እምብዛም ስለማያሳልፍም ውሃው በጥገናው ሳይሆን በጥንቱ አካል በኩል እንዲወጣ ያስገድደዋል። በደግነት የተደረገ ጉዳትም አለ። ባለፈው ክፍለ ዘመን የነበሩ ጠጋኞች ቀለሙ እንዲያበራ ሥዕሎቹን ሰም ይቀቡ ነበር፤ ሰሙ ሲያረጅ እርጥበትን አፍኖ ቀለሙን ይዞ ይላጣል። የሁለት መቶኛ ዓመት ቤት በሚባለው መኖሪያ የጌቲ የቅርስ ጥበቃ ተቋም ከፕሮጀክቱ ጋር ለዓመታት ሲደክምበት የቆየው አንዱ ችግር ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ለመጪው ጠጋኝ የማይነሣ ነገር ግድግዳ ላይ አላደርግም፤ የቀላቀልኩትን ኖራ መጠኑንና ቀኑን ሳልመዘግብ ከክፍሉ አልወጣም።

ጥበቃና ምርምር ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ይመስሉኝ ነበር፤ አንዱ ያገኛል፣ ሌላው ያቆያል። ይህን አስተያየቴን የቀየረው የቆሻሻ ቦይ ነው። ፕሮጀክቱ የዝናቡን ውሃ የሚያስወግድበት መንገድ ሲፈልግ የሮማውያኑን የከርሰ ምድር ቦዮች ጠርጎ በከፊል ወደ ሥራ ለመመለስ ወሰነ። ካርዶ አምስት በተባለው ጎዳና በኩል፣ ሱቆችና ከሱቆቹ በላይ የተከራዮች ቤት ካለበት ሕንፃ ሥር፣ ርዝመቱ ከ80 ሜትር በላይ የሆነ ቦይ ተገኘ፤ መውጫ ስላልነበረው ከየመጸዳጃ ቤቱና ከየማድ ቤቱ የወረደው ሁሉ እዚያው ተከማችቶ ነበር። ከ700 በላይ ጆንያ የሞላ የበሰበሰ ቆሻሻ ወጣ። በወንፊት ሲታጠብ የዓሣ አጥንት፣ የባሕር እሾሃማ እንስሳት ቅርፊት፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የበለስ ፍሬ፣ የወይራ ዘር፣ ድንብላልና ቁንዶ በርበሬ ተገኘበት። የቤተ መንግሥት ግብዣ ሳይሆን የባለ ሱቅና የተከራይ ማዕድ መሆኑን ልብ ይሏል።

ስለ ቁንዶ በርበሬው ስሰማ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ። በዚያ ዘመን ቁንዶ በርበሬ ከሕንድ በመርከብ ተነሥቶ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ግብፅ ወደቦች ይመጣ ነበር፤ በዚሁ ባሕር ዳር የአክሱማውያን የንግድ በር የነበረችው አዱሊስም በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የግሪክ ነጋዴዎች መመሪያ ውስጥ ስሟ ተጠቅሷል። የሄርኩላኒየሙ ተከራይ ወጡን ሲያጣፍጥ የእኛን ባሕር ያቋረጠ ቅመም ይጠቀም ነበር ማለት ነው። የተገኘው ግን ዝናብ የሚያስወጣ ቦይ ሲፈለግ ነው።

በባሕር ዳርቻው በኩልም እንዲሁ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከጀልባ ማቆያዎቹ ውስጥ መርከብ ጠብቀው የሞቱ 300 ያህል ሰዎች አፅም የወጣው ከዚህ ስፍራ ነው። ቆይቶ ውሃውን ለመቆጣጠር ሥራ ሲጀመር፣ የቴሌፎስ ቅርጽ ቤት ከሚባለው ትልቅ መኖሪያ ፍንዳታው ነቅሎ የጣለው የእንጨት ጣሪያ ተገልብጦ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ተገኘ። ሌላው እንጨት በከሰልነት ሲተርፍ ይህ በውሃ ውስጥ በመቆየቱ ነው የተረፈው፤ አንዳንዱ ሳንቃ ቀለሙን እንኳ አልጣለም። ያ ጣሪያ ባይወድቅ ኖሮ የሮማውያን አናጢ ሳንቃ እንዴት እንደሚያጋጥም በግምት ብቻ እንናገር ነበር። ውሃ ጠላት ነው ብዬ ለተማሪዎች ስናገር ይህን እንጨት የሚያውቅ ሰው በመካከል ቢኖር ያርመኛል፤ የሚያጠፋው እየመጣ የሚሄደው ውሃ ነው።

ያችን ቀይ ግድግዳ እንደገና ጠግኛታለሁ፤ ሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው ያነሰ ውበት አለው፣ የረገፈውን ቀለም የሚመልስ የለምና። ከቀለሙ በላይ ባለው ስንጥቅ ግራና ቀኝ ሁለት ነጥቦች አድርጌ ርቀታቸውን ዝናቡ ከመጀመሩ በፊትና ካበቃ በኋላ እለካለሁ፤ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መብራት ፎቶግራፍ አነሣለሁ። ለአራት ዓመት ልኬቱ አልተለወጠም። ርግቦቹ ግን ባለፈው ሚያዝያ በዚያው መታጠፊያ ጎጆ ሠርተው ስላገኘኋቸው፣ የሚቀጥለው ልኬት እስኪደርስ መሰላሉን ከበሩ ጀርባ አቁሜዋለሁ።