ከሳንታ አና እስከ ዳላስ፦ የፉትቦል ቡድን ዕቃ ጭኖ አራት ስቴት

ተጫዋቾቹ ሐሙስ ጠዋት በአውሮፕላን ይሄዳሉ፤ ዕቃው ግን ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ መንገድ ይጀምራል። ጨዋታው ዓርብ ማታ፣ ከዳላስ በስተደቡብ ባለ ስታዲየም ነው። የምንጭንለት ቡድን በኦሬንጅ ካውንቲ፣ ካሊፎርኒያ፣ ያለ የካቶሊክ ሃይስኩል ነው። በአካባቢው የሚያቆመው ስለጠፋ ነው ተጋጣሚ ፍለጋ ስቴት የሚያቋርጠው። መንገዱ ወደ 1,430 ማይል ይጠጋል።

እንዲህ ያለ ጉዞ ቀልድ እንዳልሆነ የአሜሪካ ሃይስኩል ፉትቦልን የሚከታተል ሁሉ ያውቃል። ከሳን ፍራንሲስኮ ማዶ፣ ኮንኮርድ ያለው ደ ላ ሳል ከ1992 ጀምሮ በተከታታይ 151 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ2004 የውድድር ዘመኑን ሊከፍት ሲያትል ሄደና በዚያው አካባቢ ባለው በቤልቪው ሃይስኩል 39 ለ 20 ተረታ። በአንጻሩ የሳንታ አናው ማተር ዴይ በ2021 ቴክሳስ ድረስ ሄዶ ደንካንቪልን 45 ለ 3 አሸንፎ ተመልሷል።

የሳምንቱ የመጀመሪያ ክርክር ሄልሜቱ በምን ይሂድ የሚለው ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ በውድድር ወቅት ሙሉ ግጭት ያለበት ልምምድ በሳምንት ከሁለት ቀን፣ በቀን ደግሞ ከ90 ደቂቃ አያልፍም። ዓርብ ለሚጫወት ቡድን ሁለቱ ቀናት ብዙ ጊዜ ማክሰኞና ረቡዕ ናቸው። ሄልሜቱና የትከሻ መከላከያው ማክሰኞ ጎህ ላይ በእኛ መኪና ከወጡ ሁለቱም ልምምዶች ቀሩ ማለት ነው። ስለዚህ እነዚህ ሁለቱ ከተጫዋቹ ጋር ይበራሉ። ሄልሜቱ በትከሻ መከላከያው ሆድ ውስጥ ገብቶ፣ ከታኬታና ከጭን መከላከያ ጋር በአንድ ሻንጣ ይታሸጋል፤ አብዛኛው አየር መንገድ ለአንድ ሻንጣ ከሚፈቅደው 50 ፓውንድ በብዙ ያንሳል። የቀረው ሁሉ የእኛ ነው።

ጭነቱ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ በሚወጣበት ሥርዓት ይደረደራል። ከሁሉ ቀድሞ፣ ወደ ሾፌሩ ወገን፣ የጨዋታው ማልያ ሣጥን ይገባል፤ እስከ ዓርብ ማንም አይነካውም። እንግዳ ቡድን ነጭ ስለሚለብስ ጥቁሩን ማልያ መጫን ቦታ ማባከን ነው። ቀጥሎ የስልጠና ዱሚዎች፣ ኳሶች፣ የአሰልጣኞች መነጋገሪያ ሄድሴትና ባትሪዎቹ ይገባሉ። በር አካባቢ የሚቀመጡት የሕክምና ጠረጴዛ፣ የውሃ ማመላለሻዎቹና የበረዶ ገንዳው ናቸው፤ ሐሙስ እንደደረስን የሚፈለጉት እነሱ ስለሆኑ። የመለዋወጫ ሣጥኑ ግን ጭነቱ ውስጥ አይገባም፣ ከሾፌሩ ጋር ጋቢና ይቀመጣል። በውስጡ የአገጭ ማሰሪያ፣ የፊት መከላከያ ፍርግርግ ብሎኖችና መያዣዎች፣ የጉንጭ ስፖንጅ፣ ሁለት የሄልሜት መንፊያ፣ መርፌዎችና ግሊሰሪን፣ በባትሪ የሚሠራ ብሎን መፍቻ አለ። አንገቱ የተጎዳ ልጅ ሄልሜቱ ሳይወልቅ የፊት ፍርግርጉ ብቻ ይነሳለታል፤ ብሎኑ ዝጎ እንቢ ካለ ደግሞ መቁረጫው ያስፈልጋል። ሁለቱም እጅ ላይ መኖር አለባቸው። የጥርስ መከላከያም በብዛት ይያዛል። ደንቡ ነጭ ወይም ቀለም አልባ የሆነውን አይፈቅድም፣ ልጆቹ ደግሞ በየሜዳው ይጥሉታል።

መነሻችን ከንጋቱ 4 ሰዓት ነው፣ በአሜሪካው ሰዓት (ከዚህ በኋላ ያሉትም እንዲሁ)። በሃይዌይ 91 ወደ ሪቨርሳይድ፣ ከዚያ በሃይዌይ 60 አድርገን ቦሞንት ላይ ሃይዌይ 10 ውስጥ እንገባለን። ከ5:30 በኋላ የወጣ ሰው መጀመሪያውን ሰዓት በመንገድ መዘጋጋት ይጨርሰዋል። የጭነት ሾፌር ከ10 ሰዓት ዕረፍት በኋላ በ14 ሰዓት ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይችልም፤ 8 ሰዓት ከነዳም 30 ደቂቃ ማረፍ ግዴታው ነው። በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ወገኖቻችን ብዙ ስለሆኑ ለእነሱ አዲስ ነገር አልነገርኩም። በዚህ ስሌት የመጀመሪያው ቀን ሎርድስበርግ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ሁለተኛው አቢሊን፣ ቴክሳስ ላይ ያልቃል፤ ሐሙስ የሚቀረው ሦስት ሰዓት ገደማ ነው።

ብላይዝ ላይ የኮሎራዶን ወንዝ ተሻግረን አሪዞና ስንገባ ሙቀቱ ጭነቱ ላይ መሥራት ይጀምራል። ኳስ የሚነፋው ከ12.5 እስከ 13.5 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ ፋራናይት በጨመረ ቁጥር በኳሱ ውስጥ ያለው ግፊት በግማሽ ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። በ70 ዲግሪ 13 ላይ የተነፋ ኳስ፣ ፊኒክስ አካባቢ የተዘጋው የጭነት ክፍል 130 ሲደርስ 16 ያልፋል። ስፌቱ ይለጠጣል፣ ቆዳው ይደርቃል፣ ኳርተርባኩ (ኳስ ወርዋሪው) ሳምንቱን ሙሉ በእጁ ያለማመደው ኳስ ሌላ ኳስ ይሆንበታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ኳሶቹ ሲጫኑ ከግማሽ በታች ተነፍተው ይሄዳሉ፤ ስታዲየም ደርሰው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ጥላ ውስጥ ካረፉ በኋላ በመለኪያ ይሞላሉ።

ከአሪዞና ድንበር እስከ ሎርድስበርግ ያለው ደረቅ የሐይቅ ወለል በአቧራ ማዕበል የታወቀ ነው። ዕይታ ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ እንደሚችል በመንገዱ ዳር የተተከሉት ምልክቶች ይናገራሉ። አቧራው ከፊት ከታየ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ መቆም፣ መብራት ሁሉ ማጥፋት፣ እግርንም ከፍሬን ላይ ማንሳት ነው። የኋላ መብራት ከበራ ከኋላ የሚመጣው መኪና መንገዱ በዚያ የሚሄድ መስሎት ይከተልና ይመታል።

የሰዓቱን ነገር የማያስበው ብዙ ነው። አሪዞና በበጋ ሰዓቷን ስለማትቀይር ከካሊፎርኒያ ጋር እኩል ናት፤ ኒው ሜክሲኮ ላይ አንድ ሰዓት ይጨመራል፤ ከኤል ፓሶ በኋላ፣ ሲዬራ ብላንካን አልፎ ቫን ሆርን ሳይደርስ፣ ሌላ አንድ። (እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ በሁለት ሰዓት ቆጣሪ የኖርን ሰዎች ይህ አይከብደንም።) ለተጫዋቹ ግን ትርጉም አለው። ዓርብ ማታ 7:30 ለካሊፎርኒያ ልጅ አካል ከቀኑ 5:30 ነው፤ ያ ጥሩ ነው። ችግሩ ሐሙስ ሌሊት ነው። ሆቴል ውስጥ 10:30 ላይ መብራት ሲጠፋ ለእሱ ገና 8:30 ስለሆነ ጣሪያ እያየ ያድራል፤ የ7 ሰዓቱ ቁርስ ደግሞ ለእሱ ከንጋቱ 5 ሰዓት ነው። የሚያውቁ አሰልጣኞች ከሰኞ ጀምረው የመኝታ ሰዓቱን በየቀኑ 20 ወይም 30 ደቂቃ ያስቀድሙታል፣ የዓርብን ቁርስም ያዘገያሉ።

ሲዬራ ብላንካ ሳይደረስ የድንበር ጥበቃ ኬላ አለ፣ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሁሉ ይቆማል። የጉዞ ወረቀት፣ የኪራይ ውልና ከትምህርት ቤቱ የተጻፈ የጭነት ዝርዝር ጋቢና ውስጥ ካሉ አይቆይም። ከዚያ ወዲያ ፍጥነቱ 80 ማይል ተፈቅዷል፤ እኛ ግን በ65 ነው የምንሄደው፣ ነዳጁም ጎማውም ያንን ነው የሚፈልጉት።

ሚድላንድና ኦዴሳ ጋ የነዳጅ ቧንቧና አሸዋ የጫኑ መኪናዎች መንገዱን ይሞሉታል። ቴክሳስ ለሃይስኩል ፉትቦል ያላት ፍቅር የሚገባው ከዚህ ጀምሮ ነው። ኦዴሳ ያለው ራትሊፍ ስታዲየም ከ17,000 በላይ ሰው ይይዛል። ከዳላስ በስተሰሜን የአለን ከተማ በ2012 የከፈተችው ስታዲየም 60 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ 18,000 መቀመጫ አለው፤ ኮንክሪቱ ተሰንጥቆም በ2014 ተዘግቶ ነበር። ከሳንታ አና የመጣ ልጅ እንዲህ ያለ ጩኸት ውስጥ የቃል ትእዛዝ አይሰማም፤ ስለዚህ ልምምዱ ላይ ድምፅ ማጉያ ተከፍቶ የእጅ ምልክትና ድምፅ አልባ ጅማሬ ይደረጋል።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቪዲዮ ነው። ቪዲዮውማ ሀድል በሚባለው ሲስተም ይላካል፤ እያንዳንዱ ጨዋታ በስንተኛ ሙከራ (ቡድኑ 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለው)፣ በስንት ያርድ ርቀት፣ በየትኛው የሜዳ ወገን፣ በምን አሰላለፍ እንደተደረገ ይመዘገባል፣ ከዚያ ተጠባባቂዎቹ ካርድ እያዩ ተጋጣሚውን መስለው ይጫወታሉ። ለዓመቱ መክፈቻ ግን ያለው ያለፈው ዓመት ቪዲዮ ነው፤ ግማሹ ልጅ ተመርቆ ሄዷል። ከዚያ ይልቅ ጨዋታ የሚቀይረው የደንቡ ልዩነት ነው ባይ ነኝ። ካሊፎርኒያ በብሔራዊው የሃይስኩል ፌዴሬሽን ደንብ ስትጫወት፣ ቴክሳስ የኮሌጁን ደንብ ከጥቂት ማሻሻያ ጋር ትጠቀማለች። የሚሠራው ደግሞ የአስተናጋጁ ደንብ ነው።

ለምሳሌ የመክፈቻው ምት። በካሊፎርኒያ ኳሱ የግብ መስመሩን ካለፈ ሞተ፤ ተቀባዩ እጁን ያወርዳል፣ የሚመታው ቡድንም ሩጫውን ያቆማል። በቴክሳስ ተቀባዩ ኢንድ ዞን (ከግብ መስመሩ ጀርባ ያለው ክልል) ውስጥ በአየር ላይ ከያዘው ሮጦ መውጣት ይችላል። ዓመታት የለመደ እግር ሦስት እርምጃ ቀድሞ ከቆመ ሜዳው ተከፈተ ማለት ነው። የሳተ ፊልድ ጎልም (በእግር ወደ ግቡ የሚመታው ኳስ) እንዲሁ ነው። ጨዋታው ከ33 ያርድ መስመር ተጀምሮ የሳተ ኳስ ኢንድ ዞን ከገባ፣ በካሊፎርኒያ ተጋጣሚው ከ20 ይጀምራል፤ ስለዚህ ረጅም ሙከራ ብዙ አያስከፍልም። በቴክሳስ ማንም ካልነካው ጨዋታው ከጀመረበት ከ33ቱ ይነሳል፤ 13 ያርድ በነጻ ሰጡት ማለት ነው። ሦስተኛ ሙከራ ላይ 18 ያርድ ሲቀር ተከላካይ ኳሱ እየመጣለት ያለውን ተቀባይ ቢጎትት፣ በካሊፎርኒያ 15 ያርድ ተቀጥቶ ሦስተኛው ሙከራ ከ3 ያርድ ይደገማል፤ በቴክሳስ ግን ቅጣቱ ራሱ አዲስ አራት ሙከራ ይሰጣል። ተጨማሪ ሰዓት ከመጣም ፌዴሬሽኑ ከ10 ያርድ የሚያስጀምረውን እነሱ ከ25 ያስጀምራሉ፤ ለ10 ያርድ የተዘጋጀ የጨዋታ ካርድ ብቻውን አያዋጣም። እነዚህን አራት ነገሮች በየልምምዱ መጨረሻ አሥር ደቂቃ መደጋገም ከአንድ ሰዓት ቪዲዮ ይበልጣል።

ሐሙስ እኩለ ቀን ዳላስ። ከተማው የኢትዮጵያውያን ብዛት ስላለበት ምሳ ችግር አይደለም፤ ግን መጀመሪያ በረዶ። የኦገስት ሙቀት እዚህ ወደ 100 ፋራናይት ይጠጋል፣ ከዚያም በላይ እርጥበቱ ላብ እንዳይደርቅ ያደርጋል። ሳንታ አና ውስጥ ከቀኑ 3 ሰዓት ላይ በመለማመድ ሙቀቱን መምሰል ይቻላል፤ እርጥበቱን ግን አይቻልም። አካል ሙቀት ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል፤ ሐሙስ ደርሶ ዓርብ መጫወት ያንን አይሰጥም። ሰው ሰራሹ ሣርም ፀሐይ ሲመታው 150 ያልፋል።

ስለዚህ ለከብት ውሃ ማጠጫ የሚሸጠው 150 ጋሎን ገንዳ ልምምዱ ሳይጀመር ከግማሽ በላይ በውሃ ይሞላል፤ በረዶው አጠገቡ ይቀመጣል፣ ውሃው ከ59 ዲግሪ በታች መሆን አለበት። በሙቀት የወደቀ ልጅ አምቡላንስ እስኪመጣ አይጠበቅለትም፤ እዚያው ገንዳ ውስጥ እስከ አንገቱ ይገባል፣ ሌላ ሰው በብብቱ ደግፎ ይይዘዋል። የውስጥ ሙቀቱ 102 ሲደርስ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል። ሙቀቱ የሚለካው በፊንጢጣ ነው፤ የአፍና የብብት መለኪያ ያታልላል። ከልምምድ በፊትና በኋላ ሁሉም ይመዘናል፤ ለጎደለው ለእያንዳንዱ ፓውንድ ከ20 እስከ 24 አውንስ ይጠጣል። 300 ፓውንድ የሚመዝን ላይንማን (የፊት መስመር ተጫዋች) 6 ፓውንድ ከጎደለ 2 በመቶ አጥቷል፣ ጉልበቱ ላይ ይታያል።

ሐሙስ ከሰዓት የሄልሜት ቀን ነው። በአየር የሚነፋው ውስጠኛ ሽፋን በከፍታና በሙቀት ለውጥ ስለሚዛባ ከበረራ በኋላ አንድ በአንድ ይታያል። የፊቱ ጠርዝ ከቅንድብ አንድ ኢንች ገደማ ከፍ ማለት አለበት፣ የጉንጩ ስፖንጅ መንካት አለበት። የፊት ፍርግርጉን ይዞ ወደ ግራና ቀኝ ሲያዞሩት የግንባሩ ቆዳ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ልክ ነው፤ ሄልሜቱ ብቻውን ከዞረ አየር ይጨመራል፣ ልጁ አድርጎት እያለ፣ መርፌው በግሊሰሪን ረጥቦ። ደረቅ መርፌ ቫልቩን ይቀዳል፤ የተቀደደ ቫልቭ ያለው ሄልሜት ደግሞ ሁለተኛው ሩብ ላይ ይላላል። ጸጉሩን ሐሙስ ማታ የተቆረጠ ልጅ ካለ ዓርብ እንደገና ይለካል፤ ሁልጊዜም አንድ ይኖራል።

ከጨዋታው በኋላ ያለው ሥራ አጭርና የሚሸት ነው። ላብ የጠጣ መከላከያ ተዘግቶ ሁለት ቀን ከተጓዘ ይሻግታል፣ የቆዳ ኢንፌክሽንም ያስተላልፋል። ስለዚህ ማልያው ሌሊቱን ሆቴሉ አካባቢ ባለ የሳንቲም ላውንድሪ ይታጠባል፤ ዱሚዎቹና የቀሩት መከላከያዎች በፀረ ተባይ ተረጭተው፣ ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ተሰጥተው ይጫናሉ። ለልጆቹ የተገዛ ብርቱካንና ወይን ከተረፈ ብላይዝ ሳይደረስ ማለቅ አለበት፤ ወደ ካሊፎርኒያ መግቢያው ላይ የእርሻ ፍተሻ ኬላ ስላለ ፍራፍሬ ይጠይቃሉ፣ ከሌላ ስቴት የመጣ ብርቱካን ካዩም ሊወስዱት ይችላሉ።