ከሳህኑ ከንፈር በታች

በሕማማት ሰሞን ከተማው ድምፁን ሲቀንስና የድሬዳዋ ሙቀት ከቀትር በኋላ ሰውን ሁሉ ወደየቤቱ ሲሰበስብ፣ መነሻውን የማላውቀው ክብደት ይጫነኛል። እንዲህ ባለው ሰዓት ማንበብም ሆነ መተኛት አይሆንልኝም፤ የሚያሳርፈኝ በእጅ የሚሠራ ሥራ ብቻ ነው። ቤቱ ለፋሲካ እየተጸዳ ስለነበረ የመታጠቢያ ቤቱን እኔ ወሰድሁ። ወለሉና ግድግዳው አስቀድሞ ታጥቧል። እኔ የፈለግሁት ዓይን የማይደርስባቸውን ቦታዎች ነበር፤ የሻወሩን ቀዳዳዎች፣ የቧንቧውን አፍ ውስጡን፣ ቧንቧው ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን ጠባብ ስንጥቅ፣ የመጸዳጃ ሳህኑንም ከንፈር ከስር በኩል።

እዚህ ከተማ የኖረ ሰው ሁሉ ነጩን ቅርፊት ያውቀዋል። ውሃችን ከጉድጓድ የሚወጣ ነው፤ ዝናቡ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዝና በመጠኑ አሲድነት ያገኛል፣ ከዚያም የኖራውን ድንጋይ እያሟሟ ወደ ታች ይወርዳል። ያ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ሲፈላ፣ ወይም ጠብታው ሻወሩ ጫፍ ላይ ሲደርቅ፣ ጋዙ ያመልጣል፣ የሟሟውም ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ እንደገና ይጠጥራል። በጣልያን ወረራ ዘመን የሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው የኖራ ድንጋይ በአካባቢው ስላለ ነው። ስለዚህ ሻወሩ ውሃውን በአንድ በኩል ብቻ ሲረጭ፣ ወይም አንዱ ክር ጠምዝዞ ግድግዳውን ሲመታ፣ በቀዳዳው ውስጥ የተቀመጠው ከቆሻሻ ይልቅ ድንጋይ ነው፤ ሳሙናም፣ በረኪናም አያነሱትም። ድንጋዩን የሚያሟሟው አሲድ ብቻ ነው።

አቼቶ በፌስታል ውስጥ አድርጌ የሻወሩን ራስ ነከርሁትና አንገቱን በብር ላስቲክ አሰርሁት። በአቼቶ ውስጥ ከመቶ 5 ያህሉ አሴቲክ አሲድ ነው፤ አነስተኛ ቢመስልም ጊዜ ከተሰጠው ይበቃል። ትንንሾቹ አረፋዎች ሲወጡ ማየት ደስ ይለኛል፤ ድንጋዩ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እየለቀቀ መሄዱ ነው። ይሁን እንጂ የቧንቧው ቅብ ወርቃማ ወይም ነሐስማ ከሆነ አሲዱ ቅቡን ስለሚጎዳው ብዙ ሊቆይበት አይገባም። ከተነከረ በኋላ የቀረውን በመርፌ እየነካኩ ማውጣት፣ ሻወሩንም ወደ ቦታው ከመመለስ በፊት ውሃውን ለቅቆ ፍርፋሪውን ማስወጣት ያስፈልጋል፤ አለዚያ የተነሣው ፍርፋሪ ተመልሶ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

የቧንቧው አፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት ብዙ ሰው እንደምትፈታ አያውቅም። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ በመጀመሪያ የሚመጣው ቡናማ ደለል እዚያ ይጠራቀማል፣ ኖራውም ደለሉን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል። ቧንቧው እንዳይጫር ጨርቅ ጠቅልሎ በፒንሳ ቀስ ብሎ መፍታት፣ ከዚያም ወንፊቷን አቼቶ ውስጥ መተው ነው። የሳሙና ማስቀመጫው ስር የሚታየው ሮዝማ አተላ ግን ከድንጋዩ ጋር ዝምድና የለውም፤ ብዙውን ጊዜ ሰራሺያ ማርሴሰንስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፣ ከሳሙናና ከሰውነት በሚቀር ቅባት ላይ ይኖራል። እሱን ማሸትና ማድረቅ ይበቃዋል፤ እርጥበት ካገኘ ግን ተመልሶ ይመጣል።

የእጅ መታጠቢያው ከላይ በኩል ያለችው የትርፍ ውሃ ቀዳዳም እንዲሁ የተረሳች ናት። ሽታ ሲመጣ ከፍሳሽ ጉድጓዱ የመጣ ይመስለናል። ነገር ግን ከስር ያለው ሲፎን በጉብጠቱ ውስጥ ሁልጊዜ ውሃ ስለሚይዝ የጉድጓዱን ሽታ ይዘጋዋል፤ አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለው ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ በ1775 እ.ኤ.አ. ለመጸዳጃ ሳህን የፈጠራ መብት ያገኘው በዚህ ጉብጠት ነበር። የትርፍ ውሃው መስመር ከሲፎኑ በላይ ስለሚገናኝ ሽታው የሚነሣው ከራሱ ከመስመሩ ነው፤ ሳሙናና ምራቅ ከውስጥ ግድግዳው ላይ ለጥፈውት ከሚቆየው ዝልግልግ ነገር። ቀጭን ብሩሽ አስገብቶ ማሸት፣ ከዚያም በማንቆርቆሪያ ሙቅ ውሃ ቀስ አድርጎ ማፍሰስ ያጸዳዋል።

ወደ መጸዳጃ ሳህኑ ስደርስ እጄ ሳላስበው የምትሠራው ታላቅ እህቴ እትዬ ያሳየችኝን ሆነ። ያረጀ የጥርስ ብሩሽ አንገቱን የፈላ ውሃ ውስጥ ነክራ በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ታጥፈዋለች። «ቀጥ ያለ ብሩሽ ከንፈሩ ስር አይገባልህም፣ ወንድሜ፤ እሱ ጎንበስ ካላለ አንተ ነህ የምትጎነበሰው» ትለኛለች። ቀዳዳዎቹን ለማየት ትንሽ መስተዋት ከስር ታዘነብላለች። ሶፍት አቼቶ ውስጥ ነክራ በከንፈሩ ስር ዙሪያውን ትጠቀጥቅና አድሮ እንዲሠራ ትተወዋለች፤ ፈሳሽ ብቻ ቢደረግ ወዲያው ስለሚወርድ ድንጋዩን አያገኘውም። ለቧንቧው ጀርባ ደግሞ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ቁራጭ አሳልፋ ሁለቱን ጫፎች በየተራ ትስባለች። የመቀመጫውን ማጠፊያ ብሎን ፈትታ ከስሩ ትጠርጋለች፤ ሁሉም ነገር ታጥቦ ሽታው አልሄድ ሲል ሽንቱ የሚደበቀው እዚያ ነውና።

አንድ ነገር ግን ደጋግማ ታስጠነቅቀኛለች፦ በረኪናንና አሲድን አንድ ላይ አለማድረግ። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1915 እ.ኤ.አ. በቤልጂየም ኢፐር አጠገብ ወታደሮች ላይ የተለቀቀው ያው ጋዝ ነው። እኔ ይህን ከመጽሐፍ አውቄዋለሁ። እትዬ ያወቀችው በጅዳ፣ መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው፤ ሁለት ጠርሙስ ተሰጥቷት፣ በላያቸው ላይ የተጻፈውን ዐረብኛ ገና ማንበብ በማትችልበት ጊዜ። ዓይኗ እያነባ፣ እየሳለች፣ በሩን ከፍታ ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ የተባለችው ነገር ወለሉን እንዳረጠበችው ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሐሳቤ ከሻወሩ ሄደ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ሁሉ የእትዬ ብልሃት አድርጌ ነበር የምመለከተው፤ የታጠፈውን ብሩሽ፣ መስተዋቱን፣ የነጠላውን ቁራጭ። ይህ ዕውቀት እንዴት እንደተገኘ አስቤ አላውቅም ነበር። ማዳሟ ጠዋት ጠዋት ጣቷን ከሳህኑ ከንፈር በታች አስገብታ፣ በቧንቧውም ጀርባ አሳልፋ፣ ወደ ብርሃን አውጥታ ትመለከተው እንደነበር ነግራኛለች። ስትነግረኝ ድምፅዋ ውስጥ ምሬት አልነበረም፤ የገበያ ዋጋ እንደሚነግሩት አድርጋ ነው የነገረችኝ። በዚያ ትልቅ ቤት ውስጥ እነዚያን ቦታዎች የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ አንዷ በብሩሽ፣ ሌላዋ በጣት። በዚያ ሥራ የተላከው ገንዘብ የእኔ የትምህርት ቤት ክፍያ ሆኗል፤ የእናታችንንም ቤት ጣሪያ አድሷል። ስለ ገንዘቡ በቤታችን ብዙ ተነግሯል፣ ተመስግኗልም። ገንዘቡን ያመጣው ሥራ በዝርዝር ምን እንደነበረ ግን፣ የትኛው ስንጥቅ፣ የትኛው ማጠፊያ፣ የትኛው ሽታ እንደሆነ፣ ማናችንም ጠይቀናት አናውቅም። እኔ የማውቀውም ራሴ ተንበርክኬ ስለሠራሁት ብቻ ነው።

አሁን እትዬ የራሷ ቤት አላት። መታጠቢያ ቤቷ ጠባብ ነው፤ ሴራሚኩም ርካሽ ነው፤ ነገር ግን መጋጠሚያዎቹ ሁሉ እንደ አዲስ ነጭ ናቸው። ባለፈው ጊዜ ልጠይቃት ቤቷ ስሄድ በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ሥራዋን ስትጨርስ አየኋት። ጓንቷን አወለቀች፣ ጣቷን ከሳህኑ ከንፈር በታች ዙሪያውን አሳለፈች፣ ከዚያም አምፖሉ ስር አቅርባ ተመለከተችው። በቤቱ ውስጥ ጣቷን የሚጠብቅ፣ የሚቆጣም ሰው አልነበረም። ቤቷ ስለሆነ፣ ንጽሕናን ስለምትወድ፣ ሥራዋንም አጥብቃ ስለምታውቅ ያደረገችው ሊሆን ይችላል፤ የራሷን ሥራ ራሷ ፈትሻ መርካቷ መብቷና ኩራቷ ነው ብዬ ማመን እፈልጋለሁ። ግን ያቺ ሴት አብራት መጥታ እንደሆነስ?

ለፋሲካ እንገናኛለን። ብጠይቃት ምን እንደማነሣባት አላውቅም፤ ባልጠይቃት ደግሞ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ገንዘቡን ብቻ እንደማውቅ ሰው እሆናለሁ። ዛሬ ሥራዬን ስጨርስ እኔም ጣቴን ከከንፈሩ በታች አሳልፌ ወደ ብርሃኑ አወጣሁት። ከእትዬ የወረስሁት የትኛውን ነው? ጥንቃቄዋን ወይስ ፍርሃቷን?