የካናዳ ፒአር (ቋሚ ነዋሪነት)፦ ባለቤቴና እኔ ስናጠና እስካሁን የገባን

ባለቤቴ ነርስ ናት፤ እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ካናዳ ባለሙያዎችን ለቋሚ ነዋሪነት በምትመርጥበት በኤክስፕረስ ኢንትሪ ለመሄድ መዘጋጀት ከጀመርን ወዲህ የደረስንበትን፣ በዚሁ መንገድ ላይ ላላችሁ ይጠቅማል ብዬ ጻፍኩት። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። የማካፍላችሁ ራሳችን የሠራንበትንና ከካናዳ መንግሥት መመሪያ ጋር ያመሳከርነውን ነው። ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ ነጥብና መመሪያ ስለሚቀያየር በምትሞሉበት ቀን ደግማችሁ አረጋግጡ።

እኛ አገር ስለ ካናዳ ሲወራ ነገሩ እንደ ዲቪ ይታሰባል፦ ሞልተህ ትጠብቃለህ፣ ከደረሰህ ደረሰህ። በጃንዋሪ 2015 የተጀመረው ኤክስፕረስ ኢንትሪ ግን እጣ የለበትም። ሰውን በነጥብ ደርድሮ ከላይ የሚጠራ አሠራር ነው። ለእኛ ነገሩ መልክ የያዘው ሦስት ጥያቄዎችን ለየብቻ ማየት ስንጀምር ነው። አንደኛ፣ ለመመዝገብ ብቁ ነኝ ወይ? ሁለተኛ፣ ከተመዘገብኩ ነጥቤ ስንት ነው? ሦስተኛ፣ አሁን የሚጠሩት እነማንን ነው? ብዙ ሰው የሚደናገረው እነዚህ ስለሚደባለቁበት ነው። ለምሳሌ ከካናዳ ውጭ ባገኘው የሥራ ልምድ የሚመዘገብ ሰው ከ100 ነጥብ 67 ማምጣት አለበት። ይህ የመግቢያ በር ብቻ ነው። ከገባ በኋላ ከሌሎች ጋር የሚወዳደርበት ነጥብ ሌላ ነው፤ ጣሪያውም 1200 ነው። «67 አምጥቻለሁ፣ ለምን አልተጠራሁም?» የሚል ሰው ስታገኙ ሁለቱን እንዲለይ እርዱት።

ሦስተኛውን ጥያቄ የሚያሳዩ ሁለት ቁጥሮች ልስጣችሁ። በፌብሩዋሪ 2025 መጀመሪያ ካናዳ ውስጥ የሥራ ልምድ ላላቸው የወጣው ጥሪ (ለፒአር አመልክቱ የሚል ግብዣ) መቁረጫው፣ ማለትም የተጠራው ዝቅተኛ ነጥብ፣ 521 ነበር። በማርች 2025 ፈረንሳይኛ ለሚችሉ የወጣው ደግሞ 379። በሁለት ወር ውስጥ፣ በአንድ አሠራር፣ የ142 ነጥብ ልዩነት። ከ2023 ጀምሮ ካናዳ በዘርፍ መጥራት ስለጀመረች ነው። ጤና፣ የእጅ ሙያ፣ ፈረንሳይኛ እያለች ትመርጣለች። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በፊት የሄደ ዘመዳችሁ የነገራችሁ መንገድ፣ እውነቱን ቢነግራችሁም፣ የዛሬው መንገድ ላይሆን ይችላል።

ከዚያ ወደ ራሳችን ሒሳብ ገባን። ባልና ሚስት ሲያመለክቱ ዋና አመልካቹ አንዱ ነው፤ የማን ስም ከፊት እንደሚሆን መምረጥ ይቻላል። በብዙ ቤት ሳይሰላ ወንዱ ዋና ይሆናል። እባካችሁ ሁለቱንም አስሉት። እኛ ዘንድ ባለቤቴ በሰፊው ትበልጣለች። ዕድሜዋ 31 ነው፣ 90 ነጥብ። ዲግሪዋ 112። እንግሊዝኛ በአራቱም ዘርፍ (ንባብ፣ ጽሑፍ፣ ንግግርና ማዳመጥ) በካናዳ የቋንቋ መለኪያ ደረጃ 9 ከደረሰች 116። ዲግሪውና ከሦስት ዓመት በላይ የሆነው የሥራ ልምዷ ከቋንቋው ጋር ተዳምረው 75። የእኔ ዲግሪ 8፣ የእኔ እንግሊዝኛ 12 ይጨምርላታል። ድምሩ 413።

አሁን አንድ ነገር በቅርብ እንይ፣ ምክንያቱም ብዙ ነጥብ የሚያልቀው እዚህ ነው። ደረጃ 9 ማለት አይኤልትስ ጀነራል በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ንባብ፣ ጽሑፍና ንግግር 7.0፣ ማዳመጥ ግን 8.0 ነው። ማዳመጥ 7.5 ከሆነ ደረጃ 8 ነው። ሰው «ግማሽ ነጥብ ምን ያህል ይጎዳል» ይላል። በማዳመጡ ብቻ የሚቀነሰው 7 ነው። ነገር ግን ትምህርትንና ልምድን ከቋንቋ ጋር የሚያዳምረው ክፍል አራቱም ዘርፍ 9 እንዲሆኑ ይጠይቃል። አንዷ 8 ስትሆን የዲግሪው 25 ወደ 13፣ የልምዱ 50 ወደ 25 ይወርዳል። በጠቅላላ 44 ነጥብ፤ 413ቱ 369 ይሆናል። ስለዚህ ባለቤቴ የጥናት ሰዓቷን ለአራቱ እኩል ማካፈሉን ትታ ትልቁን ድርሻ ለማዳመጥ ሰጠችው። ከሥራ ስትመለስ ታክሲ ውስጥ የምታዳምጠው የስልክ ቁጥር፣ አድራሻና ፊደል በፊደል የሚነገር ስም ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል የሚጠይቀው እሱን ስለሆነ። ንግግሯና ጽሑፏ ቀድሞም ጥሩ ነበሩ።

413 ግን ለብቻው አይበቃም። በ2025 የወጡት የጤና ዘርፍ ጥሪዎች ከዚያ በላይ ነበሩ። ይህን ካየን በኋላ ነው ፈረንሳይኛን በቁም ነገር የያዝነው። በአራቱም ዘርፍ ደረጃ 7 ላይ ከተደረሰ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ 12፣ በተጨማሪም 50 ያስገኛል፤ 413 ወደ 475 ይወጣል፣ የፈረንሳይኛው ጥሪም ይከፈታል። ደረጃ 7 ቀላል አይደለም፣ በጥቂት ወር ይደረስበታል የሚል ማስታወቂያ ብታዩ አትመኑ። እኛ ገና መሠረቱ ላይ ነን። ቢሆንም አዲስ አበባ ላለ ሰው፣ ካናዳ ገብቶ ሳይማርና ሳይሠራ፣ ከሁሉም የሚቀርበው በር ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ያሏችሁ ከአሁኑ አስጀምሯቸው።

ሌላው በር ፕሮቪንስ (የካናዳ ክፍለ ሀገር) ነው። አንድ ፕሮቪንስ እናንተን ከመረጠ 600 ነጥብ ይጨመራል፣ ጥሪው የተረጋገጠ ያህል ነው። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ እዚያው የሚሠራ ወይም ቀጣሪ ያለው ሰው ነው የሚፈልጉት። ኖቫ ስኮሺያን ጨምሮ አራቱ የአትላንቲክ ፕሮቪንሶች የራሳቸው ፕሮግራም አላቸው፤ እሱም ከተፈቀደለት ቀጣሪ የሥራ ቅጥር ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ስለ ደላላ። «ጆብ ኦፈር (ከካናዳ ቀጣሪ የሥራ ቅጥር) እንሸጣለን፣ ነጥብህ በ50 ወይም በ200 ይጨምራል» የሚሉ አሁንም አሉ። ያ ነጥብ ከማርች 25, 2025 ጀምሮ ቀርቷል። ለቤተሰቡ ብሎ መኪናውን ሸጦ የሌለ ነጥብ የሚገዛ ሰው ያሳዝነኛል፤ ይህን ለምታውቁት ሁሉ ንገሩ። ገንዘብ ተቀብሎ የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት የሚችለው በዋናነት የካናዳ ጠበቃ ወይም ፈቃድ ያለው አማካሪ ነው። የአማካሪዎቹ ስም «ኮሌጅ» በሚባለው ተቆጣጣሪ ተቋማቸው መዝገብ ላይ በነፃ ይታያል።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ። የእኛ አገር የሥራ ልምድ ደብዳቤ ታውቁታላችሁ፦ «ለሚመለከተው ሁሉ፣ ወ/ሮ እገሊት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በነርስነት ያገለገሉ ሲሆን የወር ደመወዛቸው ይህን ያህል ነው፣ የሥራ ግብር ተከፍሏል»፣ ማኅተም፣ አለቀ። ለካናዳ ይህ አይበቃም። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠራች፣ የሥራ መደቧ፣ ደመወዟና ጥቅማ ጥቅሟ፣ ከሁሉም በላይ በየቀኑ ምን ምን እንደምትሠራ መጻፍ አለበት። በካናዳ የሙያዎች ዝርዝር ውስጥ የነርስ ቁጥር 31301 ነው፤ የሥራ ዝርዝሯ ከዚያ ቁጥር መግለጫ ጋር በይዘት መግጠም አለበት። ቃል በቃል መገልበጥ ደግሞ ጥርጣሬ ያመጣል። እኛ የሠራነው እንዲህ ነው፦ የምትሠራውን እሷው ዘርዝራ ጻፈች፣ የክፍሏ ኃላፊ አይተው አስተካከሉት፣ ከዚያ ለሰው ኃይል አስተዳደር በማመልከቻ ቀረበ። መጀመሪያ «እኛ ጋር እንዲህ አይጻፍም» አሉ። የካናዳን መመሪያ አትመን ስናያይዝ ግን ጻፉላት። የአለቃ ፊርማ፣ ስልክና አድራሻ መኖሩን ሳታዩ ከቢሮው አትውጡ።

ስም ሌላው ጉዳይ ነው። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። ለአይኤልትስ ስትመዘገቡም፣ ዲግሪያችሁ ከካናዳ ዲግሪ ጋር እንዲመዘን ስታስገመግሙም፣ ፕሮፋይል ስትከፍቱም ፓስፖርቱ ላይ ያለውን አከፋፈልና የፊደል አጻጻፍ ተከተሉ። የልደት ቀንም እንዲሁ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ሰነድ ሲተረጎም ቀኑ ከፓስፖርቱ ጋር መመሳከር አለበት። ልዩነት ካለ ሳይደብቁ በደብዳቤ ማስረዳት ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በጁላይ 2025 በወጣው ልክ ሁለት ሰው ለመቋቋሚያ እንዳለው ማሳየት ያለበት 19,001 የካናዳ ዶላር ነው። በብር መቀመጡ ችግር የለውም፣ ግን ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያው ዶላር በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ቀድሞ የበቃ ይመስል የነበረው ቁጠባ አሁን አይበቃም። ብድር አይቆጠርም፤ የባንኩ ደብዳቤ ያለባችሁን ዕዳና የስድስት ወር አማካይ ቀሪ ሒሳብም ማሳየት አለበት።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ልትይዙልኝ የምፈልገው ግን ስለ ልጅ ነው። አያት ጋር የሚያድግ ልጅ፣ ከቀድሞ ትዳር የተወለደ ልጅ፣ አብሮ የማይሄድ የትዳር ጓደኛ፣ ሁሉም ፎርሙ ላይ መጻፍ አለባቸው። ልጅ የሚባለው ከ22 ዓመት በታች ሆኖ ያላገባ ነው። አብሮ ባይሄድም ይጻፋል፣ የጤና ምርመራም ያደርጋል። «ነገሩን እንዳያወሳስብ ለአሁኑ ይቅር፣ በኋላ እወስደዋለሁ» ተብሎ የተተወ ልጅ በኋላ በቤተሰብ ስፖንሰር እንዳይመጣ ሕጉ ይከለክላል። በ2019 ካናዳ በስደተኝነት ለሄዱና በቤተሰብ ስፖንሰር ለተወሰዱ ሰዎች ማስተካከያ አድርጋለች፤ በነጥብ ለሚሄድ ሰው ግን ያ አልተዘረጋም። የልጁን ስም መጻፍ ነጥብ አይቀንስም። ለምን ይደበቃል?

አሁን ያለንበት ደረጃ ይህ ነው፦ የሥራ ደብዳቤው አልቋል፣ የእሷ ትራንስክሪፕት ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ለገምጋሚው ድርጅት እንዲላክ ተጠይቋል፣ ፈረንሳይኛው ቀጥሏል። የአይኤልትስ ፈተናን ሆን ብለን አዘግይተነዋል፣ ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ስለሆነ ፈረንሳይኛው ሳይደርስ እንዳያልፍብን። ጥሪ ከመጣ ሙሉ ማመልከቻውን ለማስገባት የሚሰጠው 60 ቀን ነው፣ ስለዚህ የፖሊስ ማስረጃና የባንክ ደብዳቤ አሠራሩን ከወዲሁ እየጠየቅን ነው። ጥሪ ደርሷችሁ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ ባንካችሁ የስድስት ወሩን አማካይ በደብዳቤው ላይ በምን መልኩ እንደጻፈላችሁ ብታካፍሉን እኛንም ከኋላ የሚመጡትንም ትረዳላችሁ።