ውርጭ የሚያፋጥነው ነገር

ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ በደላንታና በመቄት ደጋ ባቄላ የዘራ ሰው ልቡ አያርፍም። ነፋስ የሌለበት ጥርት ያለ ሌሊት ውርጭ ያመጣል፤ ጠዋት አመዳዩ ሲሟሟ ቅጠሉ ጠቁሮ ይንጠለጠላል። ቅጠሉን ብርዱ ብቻ አልገደለውም። በረዶው መጀመሪያ የሚሠራው ከሴሎቹ ውጭ ነው፤ ውሃቸውን ስቦ ያወጣል፣ ውስጥ የቀረው ጨውና አሲድ ይወፍራል፣ የሴሉ ሽፋንም ይጎዳል።

እኔን የሚደንቀኝ ይህ መወፈር ነው። የበረዶ ክሪስታል ከውሃ በቀር ሌላውን ገፍቶ ያስወጣል። በአንድ ሊትር ውሃ 5 ግራም የገበታ ጨው ሟሙቶ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ ሳይረጋ የሚቀረው 36 ግራም ያህል ፈሳሽ ብቻ ነው፤ ጨውነቱም 14 በመቶ ይደርሳል። አብረው የሟሙ ሁለት ነገሮችም እዚያችው ጠባብ ቦታ ይታጨቃሉ። እያንዳንዳቸው 30 እጥፍ ቢወፍሩ የሁለቱ ሪአክሽን (ተገናኝተው ወደ ሌላ ነገር የሚለወጡበት ሂደት) በዚያች ፈሳሽ ውስጥ 900 እጥፍ ይፈጥናል። ፈሳሹ ግን በ30 እጥፍ አንሷል፤ ስለዚህ በጠቅላላው የሚተርፈው 30 እጥፍ ነው። ከ20 ዲግሪ ወደዚያ መውረዱ ብዙ ሪአክሽኖችን 10 እጥፍ ገደማ ያዘገያል። ተቀናንሶም ሦስት እጥፍ ፍጥነት ይቀራል! አንድ ነገር ብቻውን የሚፈርስበት ሪአክሽን ግን ከመታጨቁ የሚያገኘው ትርፍ የለም፤ እሱ በእርግጥም ይዘገያል።

በዓይን ለማየት የፕላስቲክ ጆግ ይበቃል። ውሃ ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጠብ አድርጎ፣ ጎኑንና ታቹን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ፣ አፉን ከፍቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ግማሹ ሲረጋ ይውጣ፦ ላይኛው በረዶ የጠራ፣ ታች ያለው ውሃ የደመቀ ይሆናል። ጨርቁ ከሳሳ በረዶው ከየአቅጣጫው ይዘጋና ቀለሙ መሀል ይታሰራል። ብርጭቆ አይሁን፤ ውሃ ሲረጋ 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ ይሰነጥቀዋል።

ከሁሉ የሚገርመው ናይትሮጅንና ኦክስጅን ያሉበት የናይትራይት ነው። በ1992 የጃፓን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ አሲድነት ባለው ውሃ ውስጥ ናይትራይት በኦክስጅን ወደ ናይትሬት የሚለወጥበት ሪአክሽን ውሃው ሲረጋ መቶ ሺህ እጥፍ ያህል ይፈጥናል። የወንዝ ውሃ ናሙና ለናይትራይት ምርመራ ሲያዝ አሲድ አይጨመርበትም፤ በተለይ አሲድ ጨምሮ ማርጋት የሚፈለገውን ነገር ማጥፋት ነው።

ከአንታርክቲካ በላይ ያለው የኦዞን መሳሳት ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። እዚያ ሥራውን የሚሠራው መታጨቅ ሳይሆን የደመናው ቅንጣት ገጽ ነው። ከዜሮ በታች ከ78 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ በሚፈጠሩት ደመናዎች ላይ ሃይድሮጅን ክሎራይድና ክሎሪን ናይትሬት ተገናኝተው የክሎሪን ጋዝ ይለቃሉ። ጋዙ በጨለማው ክረምት ይከማቻል፤ በነሐሴና በመስከረም ፀሐይ ስትመለስ ይሰነጠቅና ኦዞኑን መብላት ይጀምራል።