ኢንተርንሺፕ በወንጀል ፍትህ ማሻሻያ ፖሊሲ ላይ፦ እንዴት ገባሁ፣ ምን ተማርኩ?

የሕግ ተማሪ ስለሆንኩ ኢንተርንሺፕ ሲባል የሚታየኝ ችሎትና የመዝገብ ክምር ነበር። የፖሊሲ ሥራ ግን ሌላ ነው። የአንድ ተከሳሽን ጉዳይ ትተህ ሁሉም ተከሳሽ የሚያልፍበትን ደንብ ትመረምራለህ።

አገባቤ ተራ ነው፤ ማስታወቂያ አይቼ አመለከትኩ። ሲቪዬ ባዶ ስለነበር ስለ ዋስትና የጻፍኩትን የክፍል ሥራ ወደ ሁለት ገጽ አሳጥሬ አያያዝኩት። በኋላ እንደሰማሁት ያስገባኝ እሱ ነው። ረጅም የሚጽፍ ተማሪ ሞልቷል፤ አሳጥሮ የሚጽፍ ነው የጠፋው።

የተሰጠኝ ርዕስ ቅድመ ፍርድ እስር ነበር። ሕጉ ላይ ነገሩ ግልጽ ይመስላል። ዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 9፣ ፍርድ የሚጠብቅን ሰው ማሰር አጠቃላይ ደንብ መሆን የለበትም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1990 የጸደቁት የቶኪዮ ደንቦችም፣ ማለትም በእስር ፈንታ ስለሚወሰዱ እርምጃዎች የወጡት የተባበሩት መንግሥታት ደንቦች፣ የመጨረሻ አማራጭ ያደርጉታል። ዳኛው ፊት ግን ጥያቄው አንድ ነው፦ ይህን ሰው ብለቀው ተመልሶ ይመጣል?

እዚህ ላይ አንድ ጥናት አስተሳሰቤን ገለበጠው። ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ የተሠራ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2020 ሳይንስ መጽሔት ላይ ወጥቷል። ተመራማሪዎቹ ቅጣት አልጨመሩም፣ ዋስም አላስጠሩም። የመጥሪያው ቅጽ ላይ ቀኑና ቦታው ጎልቶ እንዲታይ አደረጉ። ከቀጠሮው በፊት ደግሞ በስልክ አጭር መልእክት ላኩ። በአዲሱ ቅጽ ምክንያት ከቀጠሮ የሚቀሩት ሰዎች በ13 በመቶ፣ በመልእክቱ ደግሞ በ21 በመቶ ቀነሱ። ጥናቱ ቀላል ጥፋቶችን የሚመለከት ስለሆነ እንዳለ ወደ ከባድ ወንጀል አይገለበጥም። ቢሆንም የሸሸውም የረሳውም መዝገብ ላይ እኩል «አልቀረበም» ተብለው እንደሚጻፉ ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም። ለሸሸው ዋስትና መከልከል ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ለረሳው ግን ምን ይሠራል?

ከዚያ በኋላ ቁጥር ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ተቆጥሮ ነው?» ብዬ ነው። ድጋሚ ወንጀልን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከአሜሪካ የክፍለ ግዛት እስር ቤቶች ስለተፈቱ ሰዎች የወጣው የመንግሥት ሪፖርት፣ በአምስት ዓመት ውስጥ 71 በመቶው እንደገና ተይዘዋል ይላል። እዚያው ሪፖርት ላይ ወደ እስር ቤት የተመለሱት 46 በመቶ ናቸው። ሁለቱም ልክ ነው። አንዱ በፖሊስ መያዝን ይቆጥራል፣ ሌላው መታሰርን። ኖርዌይ 20 በመቶ ብቻ ናት እየተባለ የሚነገረው ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ አዲስ ፍርድ ያገኙትን የሚቆጥር ነው። 71ን ከ20 ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ መፍረድ አይቻልም፤ በየስብሰባው ግን ሲደረግ ታያላችሁ።

ታስረው የወጡ ሰዎችንም አነጋግረናል። ዝርዝሩን መጻፍ አልፈልግም፣ የእነሱ ታሪክ ነው። ለቃለ መጠይቅ ለምትሄዱ ግን አንድ ነገር ልበል፦ ምን አጥፍተህ ገባህ ብላችሁ አትጀምሩ። የምታጠኑት ሥርዓቱን ከሆነ እሱ አያስፈልጋችሁም።

በጣም ያደከመኝ የፖሊሲ ማጠቃለያውን መጻፍ ነው። አለቃዬ እያንዳንዱ ምክረ ሐሳብ ጎን ይጠይቁ ነበር፦ ማን ያደርገዋል? አዋጅ ይፈልጋል ወይስ መመሪያ ይበቃል? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? «ፍርድ ቤቶች ተከሳሾችን ማስታወስ አለባቸው» የሚለው ዓረፍተ ነገር በዚህ ወንፊት አላለፈም። ተስተካክሎ ሲወጣ፣ ሬጅስትራሩ መዝገብ ሲከፍት ስልክ ቁጥር እንዲመዘግብና ከቀጠሮው ቀን በፊት መልእክት እንዲልክ የሚል ሆነ። አንብበው ዳር ላይ በእስክሪብቶ «ስልክ የሌለውስ?» ብለው ጻፉበት፤ እኔም ለእሱ አንድ አንቀጽ ጨመርኩ።